ምሕንድስና ለማን ይሆናል?

እኛ ሁለት ያንድ አገር ልጆች ነን። ተወልደን ያደግነው በምሥራቅ ጎጃም፥ በመርጡለ ማርያም ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባነው ባንድ ዓመት፥ የምንተኛው ባንድ ክፍል፥ ምሕንድስና የጀመርነው አብረን፥ የተውነውም አብረን ነው። ዛሬ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን። ይህን አስቀድመን መናገራችን፥ ከዚህ በታች ያለው ምክር ከሊቅ አፍ የወጣ እንዳይመስል፥ ከሸሸ ሰው የመጣ መሆኑንም አንባቢ ከመጀመሪያው እንዲያውቀው ብለን ነው።

ለዕረፍት አገራችን ገብተን ሳለ፥ ያንዳችን ታናሽ ወንድም (የማንኛችን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም) የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ መጣ፤ አለፈ። ማለፍ በዘመናችን ቀላል ነገር አይደለም። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በተፈተኑት ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችን እናስታውሳለን። በክልላችንም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፥ ብዙ እኩዮቹ ከትምህርት ቀርተዋል። ስለዚህ ባንድ ሰፈር አንድ ልጅ ሲያልፍ የቤቱ ልጅ መሆኑ ይቀርና የሰፈሩ ሁሉ ልጅ ይሆናል፤ የሚማረውንም ትምህርት ሰፈሩ ሁሉ ይመርጥለታል።

ቡና ተፈላ። ከአቦሉ እስከ በረካው የተወራው ስለ ልጁ ዕድል ነበር። እናቱ ጨጓራቸውን ያማቸዋልና ሐኪም ቢሆንልኝ አሉ። አንዲት ጎረቤት የመሬት ክርክር ነበረባቸውና ሕግ ይማር አሉ። አጎቱ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ምሕንድስና እያለ ሌላ ምን ይመረጣል!» ሲሉ ቤቱ በሙሉ እውነት ነው አለ። በዚያ ቡና ላይ ስለ ምሕንድስና የተነገረውን ሁሉ ሰብስበን ብናየው፥ ስለ ሥራው አንድ ቃል ስንኳ አልነበረበትም። ሁሉም ስለ ስሙ ነበር። ገበሬውም፥ ነጋዴውም፥ አስተማሪውም በስሙ ሲጠራ፥ መሐንዲሱ ግን ከስሙ በፊት «ኢንጂነር» ይባላልና። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ፥ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የዐባይን ግድብ ሥራ እስከ ዕለተ ሞቱ፥ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ የመራውን ስመኘው በቀለን፥ ሕፃናት ስንኳ «ኢንጂነር ስመኘው» እያሉ ነው የሚጠሩት። እናት ልጇ እንደዚያ ሲጠራ መስማት ብትመኝ ምን ይፈረድባታል?

በዚህ ዓይን የሚመርጠው ግን ሰፈር ብቻ አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት፥ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች ከመቶ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፥ 30ው የማኅበራዊ ትምህርት እንዲማሩ በመንግሥት ተወስኖ ነበር። አገር መሐንዲስ እንደሚያስፈልገው ማንም አይክድም፤ በ1945 ዓ.ም. የምሕንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሲከፈት የታሰበውም ይኸው ነበር። ነገር ግን በቁጥር የተመደበ ሁሉ ወዶ ገባ ማለት አይደለም። አምስት ዓመት ተምረው ሥራ ያጡ፥ ሥራም አግኝተው ሥራቸውን የማይወዱ ምሩቃን በየከተማው አይተናል።

እኛም ከነዚህ ልንሆን ነበር። ምሕንድስናን የመረጥነው ነጥባችን ስለ ደረሰ ነው። ነጥቡ የደረሰለትን ተማሪ፥ ልብህስ ደርሷል ወይ ብሎ ማን ይጠይቀዋል? ስታቲክስ የሚባል ትምህርት አለ፤ ይኸውም አንድ ነገር ሳይነቃነቅ እንዲቆም በላዩ ያረፉት ኀይሎች እንዴት እንደሚመዛዘኑ ያስተምራል። በመጀመሪያው የስታቲክስ ፈተና ከ30 ነጥብ አንዳችን 11፥ አንዳችን 9 አገኘን። ወረቀቱን ተቀብለን፥ የተሳሳትንበትን ሳናይ አጣጥፈን ደብተር ውስጥ ከተትነው። ኋላ ትምህርቱን ለቀን ወደ ሥነ ጽሑፍ ስንዛወር ግን ለዘመድ ለወዳጅ የነገርነው «የነፍሳችን ጥሪ ነው» ብለን ነው። ጥሪ ይሁን ሽሽት፥ በዚያን ጊዜ እኛም አናውቀውም ነበር።

ማታ እንግዳው ሲበተን የልጁ አባት ሁለታችንን ወደ ደጅ ጠሩንና «ልጆቼ፥ እናንተ ገብታችሁ አይታችሁታል። እኔ በሬዬን ሸጬም ቢሆን አስተምረዋለሁ። ብቻ እውነቱን ንገሩኝ፤ ይሆነዋል? ወይስ እንደናንተ መንገድ ላይ ይመለሳል?» አሉን። ይህች «እንደናንተ» የምትል ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረናለች። «ነገ እንነግርዎታለን አባባ» ብለን ተለየናቸው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፥ ያሰብነው አይሆነውም ልንላቸው ነበር። እኛ ያቃተንን እሱ ቢችለው፥ እኛ ምን ልንባል ነው?

በማግስቱ ልጁን ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣን። እዚያ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ አሠራችው የሚባል፥ ሐረግና አበባ የተፈለፈለበት የድንጋይ ሕንፃ ፍራሽ እስከ ዛሬ አለ። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ነንና ስለ ንግሥቲቱ ጥበብ፥ ስለ ግራኝም ጦርነት አወራን። ልጁ ዝም ብሎ ሰማንና «ጋሼ፥ ጣራው ሲወድቅ ይህኛው ግድግዳ ለምን ቆሞ ቀረ?» አለ። መልስ አልነበረንም። እንዲያውም ከልጅነታችን ጀምሮ ስናየው የኖርነውን ግድግዳ እንዲህ ብለን ጠይቀነው አናውቅም።

ከዚያ ወደ ወንዙ ወሰደን። ከከተማው ዝቅ ብሎ ተማሪዎች የሚሻገሩበት ወንዝ ነው፤ በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየተረገጠ ይታለፋል፥ በክረምት ግን ሰው ይወስዳል። ሕዝቡ ተባብሮ ሁለት ጊዜ የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድሞ ድልድይ ሠርቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጎርፍ ይዞት ሄደ። ሁሉም ሰው ግንዱ ቀጥኖ ነው ይላል። ልጁ ግን «ግንዱስ ሳይሰበር ነው የሄደው። ውሃው ግንዱ ያረፈበትን ዳር ከሥሩ እየላሰ ቦረቦረው፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ማረፊያ ከሌለው በምን ይቆማል?» አለን። ኋላ ስንመለስ የምሕንድስና ተማሪዎችን ብንጠይቅ፥ በዓለም ላይ ብዙ የወንዝ ድልድዮች የሚወድቁት በዚሁ፥ ውሃ መሠረታቸውን እየቦረቦረው መሆኑን ነገሩን።

ይህን ብቻ ብንሰማ ጎበዝ ልጅ ነው ብለን እናልፈው ነበር። አሳባችንን ያስለወጠን ደብተሩ ነው። በደብተሩ ውስጥ የዚያን ድልድይ ሥዕል 11 ጊዜ ስሎታል፤ ዐሥሩ የተሰረዙ ናቸው። በእያንዳንዱ ሥርዝ አጠገብም ምክንያቱ ተጽፏል፦ «መካከል ላይ ያቆምኩት ምሰሶ ጎርፍ ያመጣውን ግንድ ይይዛል»፥ «እንጨቱ ርዝመቱ አይደርስም»፥ «ዳሩ አሁንም አፈር ነው»። «ለምን ቀደህ አልጣልካቸውም?» ብንለው «የተሳሳትኩበት ቢጠፋብኝ ደግሜ እሳሳተዋለሁ» ብሎ መለሰልን። ያን ጊዜ ሁለታችንም አጣጥፈን የደበቅነው ወረቀት ትዝ ብሎን እርስ በርሳችን ተያየን።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ እኛ ከዚያ ደብተር የተማርነው ይህ ነው። ሰው የሚሆነው ትምህርት የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው በሚያስደስተው ጊዜ አይደለም፤ በሚያሳስተው ጊዜ ነው። ስሕተትህን ትተኸው ለመተኛት የምትችል ከሆነ ትምህርቱ ያንተ አይደለም። እንቅልፍ የሚነሳህ ከሆነ ግን፥ ነጥብህ ቢያንስም ያንተ ነው። ይህ ደግሞ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። የቆሎ ተማሪ ዜማ ቢሻ ዜማ፥ ቅኔ ቢሻ ቅኔ ብሎ፥ መምህሩን ፍለጋ ዋሸራም ጎንጅም ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ቅኔ ቈጥሮ ለየኔታ ሲነግር፥ የኔታ አንዲት ቃል ነቅሰው ቢመልሱት፥ ያችን ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል። የኔታም ተማሪውን የሚያውቁት ባማረለት ቀን ሳይሆን፥ በተበላሸበት ማግስት ተመልሶ በመምጣቱ ነው። እኛም ራሳችንን በዚህ ብንመዝን፥ ለስታቲክሱ 11 ነጥብ አንድ ሌሊት አልነቃንለትም፤ ስላንዲት የግጥም ስንኝ ግን እስከ ዶሮ ጩኸት ተከራክረን እናውቃለን። መሸሻችን እውነት ነው፤ የሸሸንበት ቦታ ግን ቤታችን ሆኖ ተገኘ። ይህም ዕድል እንጂ ብልኀት አልነበረም።

ማታ ለአባትየው ያየነውን ሁሉ ነገርናቸው። የሚከብደውንም አልደበቅንም፦ ትምህርቱ አምስት ዓመት መሆኑን፥ ሒሳቡ እንደ ዳገት እያደር እንደሚብስ፥ ምደባው በነጥብ ስለሚሆን የፈለገውን ላያገኝ እንደሚችል፥ ተመርቆም ሥራ ወዲያው እንደማይጠብቀው። እሳቸው ግን ስለ ወንዙ ስንነግራቸው ልባቸው ወደ ሌላ ድልድይ ሄዶ ነበር።

በሞጣ በኩል ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ፥ በፋሲል ዘመን ተሠራ የሚባል የዐባይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ፥ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። አባትየው በወጣትነታቸው ወዲያ ማዶ ሲነግዱ በዚያ ተሻግረዋል። «ከወዲህና ከወዲያ ሰዎች ገመድ ይዘው ይጎትቱሃል፤ አንተ ወገብህን ታስረህ ገደሉ ላይ ትንጠለጠላለህ። ሥሩ ዐባይ ነው። እግዚኦ እያልን ስንሻገር፥ ይህን የሚጠግን ሰው ጠፋ ወይ? እንል ነበር» አሉን። በመጨረሻም የጠገነው ኬን ፍራንዝ የሚባል፥ የግንባታ ሥራ ያለው አሜሪካዊ ሆነ። ሰዎች በገመድ ሲሻገሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመጽሔት ላይ አይቶ ልቡ አልችል ስላለው፥ ዕቃ ይዞ መጥቶ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በ1994 ዓ.ም. ሠራው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ ይሁን እንጂ ነገሩን በዚያ አልተዉትም፥ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ደግሞ ተሠራ። ይህም ከተሰረዘ በኋላ እንደገና የተሳለ ገጽ አይደለምን?

አባትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያስ ይግባበት። ብቻ ልጄ ኢንጂነር ነው ብዬ እንዳልኮራ ነው የነገራችሁኝ» አሉ። «ድልድዩ ቆሞ ሲያዩ ይኮራሉ አባባ» አልናቸው።

ልጁ አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ ምሕንድስና ይድረሰው አይድረሰው ገና አልተቆረጠም። ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውሎ በመጀመሪያው የፊዚክስ ፈተና ከ30 ነጥብ 12 ማግኘቱን ነገረን። ከኛ የሚበልጠው ባንዲት ነጥብ ብቻ ነው! ደንግጠን «ታዲያ ምን አደረግህ?» አልነው። አስተማሪው ቢሮ ደጅ ላይ ቆሞ፥ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ የት እንደ ተሳሳተ ሊጠይቅ ተራ እየጠበቀ ነበር የደወለልን። «ጋሼ፥ ተራዬ ደረሰ» ብሎ ዘጋው።