«ገባሽ?» ስላት «እሺ ዶክተር» አለችኝ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ በሽታ ወይም ስለ መድኃኒት አይደለም። ስለ እኛ ስለ ሐኪሞች አንደበት ነው። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም»፣ «ልጄ ምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ወረቀት ሰጥተው ሸኙኝ» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ለመመለስ ስጀምር ሁልጊዜ ወደ ኢንተርንነቴ ዘመን እመለሳለሁ። እስቲ ዛሬ ታሪኩን ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ።

ኢንተርን በነበርኩበት ዓመት አንድ ሌሊት የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን በነጠላ አቅፋ ከገጠር መጣች። መረመርኩት። የሳንባ ምች ነው፣ ግን ገና ስላልጠናበት በሽሮፕ ቤቱ ሆኖ መታከም ይችላል። መድኃኒቱን ጻፍኩላትና ወረቀቱን እያቀበልኳት «በየስምንት ሰዓቱ አምስት አምስት ሚሊ ትሰጪዋለሽ። ገባሽ?» አልኳት። «እሺ ዶክተር» አለችኝ። ከኋላዋ ሌሎች ወላጆች ተሰልፈዋል። ቀጣዩን ጠራሁ።

በአራተኛው ቀን ያው ልጅ ተመልሶ መጣ። ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ኦክስጅን አደረግንለት፣ መርፌ ተጀመረለት። ሲኒየራችን መድኃኒቱን አይታ «ይህ ብልቃጥ ለምን አልተነካም?» ብላ ጠየቀች። ሙሉ ነበር ማለት ይቻላል። እናትየው ግራ ተጋብታ ወደ እኔ ዞረች። «በስምንት ሰዓት ስጪው ብለውኝ ነበር እኮ ዶክተር። አንድም ቀን አላስተጓጎልኩም» አለች።

ነገሩ ገባኝ። ሰዓት ስለሌላት የጎረቤቷ ልጅ ስልኩን እያየ ይነግራት ነበር። በየቀኑ ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ልጇን አስቀምጣ መድኃኒቱን ትሰጠዋለች። በቀን ሦስት ጊዜ መወሰድ ያለበት መድኃኒት በቀን አንዴ ሲሰጥ ከረመ። እሷ የነገርኳትን እንደሰማችው፣ በታላቅ ጥንቃቄ፣ ፈጽማለች። ጥፋቱ በእኔ «በየ» እና በእሷ «በ» መካከል፣ እኔ ቆሜ ለማጣራት ባልፈለግኩት አንድ ደቂቃ ውስጥ ነበር።

ልጁ ከስድስት ቀን በኋላ ድኖ ወጣ፣ ተመስገን። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር ነው። ሲወጡ እናትየው ወደ እኔ መጥታ አንገቷን ደፍታ «አጠፋሁ ዶክተር፣ ይቅርታ» አለችኝ። እኔ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ እሷ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እኔ «አንቺ» እላታለሁ፣ እሷ «እርስዎ» ትለኛለች። ይቅርታውንም ዝም ብዬ ተቀበልኩ። «አይዞሽ፣ ሁለተኛ እንዳይደገም» ያልኩ ይመስለኛል።

በእኛ ጊዜ የሕክምና ትምህርት ከኢንተርንነቱ ጋር ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጅ ነበር። የአጥንቱን ስም፣ የመድኃኒቱን መጠን፣ የልቡን ድምፅ ተምረናል። የተማርነው ግን በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። ያንን ለአንዲት እናት በአማርኛ እንዴት እንደምንነግራት ክፍል ውስጥ ያስተማረን አልነበረም። ከታላላቆቻችን እያየን ነው የለመድነው። የሚያከብር ሲኒየር የገጠመው አክብሮትን ተማረ፣ የሚቆጣ የገጠመው ቁጣን ተማረ። ለዚህ ነው አንዳንድ ሐኪም «ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው» ብሎ የምሥራች ያበሰረ ሲመስለው ታካሚው «ኔጌቲቭ ማለት መጥፎ ነው» ብሎ የሚያለቅሰው። ሐኪሙ በሽታው የለም ማለቱ ነው፤ ሰውየው የሰማው መርዶ ነው።

ዛሬ ሐዋሳ ላይ የሕክምና ተማሪዎችን ሳስተምር ከማዘወትራቸው ክፍለ ጊዜዎች አንዱ ይኸው ነው። አንዱን ተማሪ ሐኪም፣ ሌላይቱን የታመመ ልጅ እናት አደርግና ሁለት ወንበር ፊት ለፊት እናስቀምጣለን። ሌሎቹ ይመለከታሉ። እኔ በስልኬ ሰዓት እይዛለሁ። «እናት» ስለ ልጇ መናገር ስትጀምር «ሐኪሙ» ስንተኛው ሰከንድ ላይ ያቋርጣታል? መጀመሪያ ሲሞክሩ ሁሉም ማለት ይቻላል ያቋርጣሉ። «ትኩሳት አለው? ተቅማጥስ? ስንት ቀኑ ነው?» እያሉ።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ሃዋርድ ቤክማንና ሪቻርድ ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት 74 የሕክምና ቆይታዎችን በድምፅ ቀርጸው አዳመጡ። ሐኪሞቹ ታካሚውን በአማካይ በ18ኛው ሰከንድ ላይ አቋርጠውታል። «ዝም ብለን ብንሰማ እኮ ሰው እስከ ማታ ያወራል» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ለእሱ ደግሞ የስዊዘርላንዱን ጥናት እነግረዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ነው። እዚያ ሐኪሞቹ ታካሚው በራሱ እስኪጨርስ እንዲጠብቁ ተደረገ። ታካሚዎቹ በአማካይ 92 ሰከንድ ተናግረው አበቁ። ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሞላም። ብዙ ጊዜ የበሽታው ቁልፍ ያለው ከዚያች ደቂቃ ተኩል ውስጥ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ዋናውን ነገር መጀመሪያ አይናገርም። «እንዴት ነሽ?» ስትባል ታማ መጥታም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። የመጣችበትን የምታወጣው ቆይታ፣ ሰው መሆንህን ካየች በኋላ ነው።

ሁለተኛው ልምምድ ከባድ ዜና መንገር ነው። ለዚህ ሐኪሞች የሚማሩት ስድስት ደረጃ ያለው መንገድ አለ። ካንሰር ሐኪሙ ሮበርት በክማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ነው። ቦታውን አመቻች፣ ሰውየው እስካሁን የሚያውቀውን ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ በቀላል ቋንቋ ንገር፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ከዚያ ቀጣዩን መንገድ አብራችሁ ንደፉ ይላል። ተማሪዎቼን ግን ከዚህ በፊት «በሰፈራችሁ መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ሁሉም ያውቁታል። ማለዳ ነው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ። ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ይሄዳል። ለብቻው ላለ ሰው፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። የሚደግፈው ጠንካራ ዘመድ ከጎኑ ይቀመጣል። ነግሮ የሚሮጥ የለም፣ አብሮ ተለቅሶ፣ አብሮ ተቀምጦ ነው። «ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቃችሁ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ‹ካንሰር ነው› የምትሉት ጋዎን ስለለበሳችሁ ነው?» እላቸዋለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አንድ ልዩነት አለ። በእኛ ባህል ቤተሰብ «ለእሱ እንዳትነግሩት» ብሎ ሐኪሙን ይለምናል። ፍቅር ነው፣ እረዳዋለሁ። ነገር ግን አባታችሁ የራሱን ሕመም ማወቅ መብቱ ነው። ተማሪዎቼን የማስተምራቸው ታካሚውን ራሱን እንዲጠይቁት ነው፦ «አባቴ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ለእርስዎ ልንገርዎ ወይስ ከልጅዎ ጋር ብነጋገር ይመርጣሉ?» አንዳንዱ «ለልጄ ንገራት» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «እኔ ከጠረጠርኩ ቆየሁ፣ ንገረኝ» ብሎ ያስደንቃችኋል።

ሐዋሳ ላይ ሌላ ፈተና አለን፤ ቋንቋ። ወደ ከተማችን ሆስፒታሎች ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከጌዴኦ፣ ከወላይታ፣ ከአርሲና ከጉጂ ታካሚ ይመጣል። ሐኪሙ አማርኛ ይናገራል፣ አንዲት እናት ሲዳምኛ ብቻ ትናገራለች። ያኔ አስተርጓሚ የሚሆነው የቀረበው ሰው ነው፤ የጽዳት ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ አልጋው አጠገብ ያለች ሌላ አስታማሚ ወይም የገዛ ልጇ። አንዲት ሴት ስለ ማሕፀኗ ደም በአሥራ አምስት ዓመት ወንድ ልጇ በኩል ምን ትናገራለች? «ሆዴን ያመኛል» ትልና ታበቃለች። ስለዚህ ተማሪዎቼ ቢያንስ ሰላምታውን፣ «የት ያምሻል?» እና «አይዞሽ» የሚለውን በታካሚው ቋንቋ እንዲያውቁ እገፋፋለሁ። ለሚስጥር ጉዳይ ደግሞ ልጅ አስወጥተው የሙያ ባልደረባ እንዲጠሩ። ሚስጥር መጠበቅ የሙያ ግዴታችን ነው። ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል የአንዷን የደም ውጤት ጮክ ብሎ የሚናገር ሐኪም መድኃኒቱን በትክክል ቢያዝም ሙያውን አጉድሏል።

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ባወጣው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራት ነበር። ብዙ ሥልጠና ተሰጥቷል። ቃሉ ግን ግድግዳ ላይ በመለጠፍ አይሠራም። ተማሪ በፈተና የማይጠየቀውን አያጠናም። በስኮትላንድ ሮናልድ ሃርደን እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቀው ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረ የሚፈተንበት ዘዴ ለዚህ ይረዳል። በአንዱ ጣቢያ ልብ ያዳምጣል፣ በሌላው ታካሚ ሆኖ ለሚተውን ሰው ያስረዳል። ስሙን ካልተናገረ፣ ካልሰማ፣ መረዳቱን ካላጣራ ነጥብ ያጣል።

ለባልደረቦቼም ፍትሐዊ ልሁን። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ፣ ከበሩ ውጭ ረጅም ወረፋ የሚጠብቀው ሐኪም ትዕግሥቱ ቢያልቅ አይገርምም። እኔም ያን ሌሊት ደክሞኝ ነበር። ድካሙ እውነት ነው። ነገር ግን የተቆጣናት እናት ቀጠሮዋን ትተዋለች። ልጇ ሲብስበት ወደ እኛ የምትመጣው ዘግይታ ነው። ያተረፍናት ደቂቃ በኋላ ቀናትን ታስከፍላለች፣ አንዳንዴም ሕይወት።

እናንተ ወላጆችና ታካሚዎች ደግሞ እኛን ማስተማር ትችላላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ እነዚህን አድርጉልኝ፦

1. ከመግባታችሁ በፊት ዋና ዋና ሦስት ጥያቄዎቻችሁን ያዙ። እጅግ ያስጨነቃችሁን መጀመሪያ ተናገሩ፣ ለመውጫ በር አታቆዩት።

2. የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ሳታፍሩ ንገሩን። ብልቃጡን ይዛችሁ ብትመጡ ይበልጥ ጥሩ ነው።

3. ሳይገባችሁ «እሺ» አትበሉ። «ዶክተር፣ በደንብ መረዳቴን ላረጋግጥ፤ ጠዋት፣ ቀንና ማታ ነው ያሉኝ?» ብላችሁ መልሳችሁ ንገሩን። ይህ ድፍረት አይደለም፣ ልጅን ማዳን ነው።

4. ሽሮፕ ከሆነ በስንት ሰዓት፣ በምን መለኪያ፣ ለስንት ቀን የሚሉትን ሦስቱን ጠይቁ። የቤት ማንኪያ መጠኑ ይለያያል፤ ከመድኃኒቱ ጋር ያለውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ስሪንጅ ተጠቀሙ።

5. «ምን ምልክት ካየሁ ቀጠሮ ሳልጠብቅ ልመለስ?» በሉ። ልጅ ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ካላወቀ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው አምጡት።

እኔ ዛሬ «ገባሽ?» ብዬ አልጠይቅም። «እናቴ፣ በደንብ መናገሬን ልወቅ፤ ቤት ስትደርሺ ለባለቤትሽ እንዴት ብለሽ ትነግሪዋለሽ?» እላለሁ። ስህተት ከተናገረች የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ደግሜ እነግራለሁ። ተማሪዎቼም እንዲሁ እንዲያደርጉ ነው የምለፋው።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜያችን ስለ ይቅርታ ነው። ሁለት ወንበር ይቀመጣል፣ አንዱ ተማሪ ሐኪም ይሆናል፣ አንዷ እናት። «እናት» አንገቷን ደፍታ «አጠፋሁ ዶክተር» ትላለች። ሐኪሙ ምን እንደሚመልስ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። የዛሬ ዓመት አንድ ተማሪ ከወንበሩ ተነሥቶ «አይ እናቴ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በደንብ አልነገርኩሽም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። እኔ ያን ቀን ማለት የነበረብኝን ነው የተናገረው።

ያቺ እናት ይህን ጽሑፍ የምታነብ አይመስለኝም። ልጇ ግን አሁን ማንበብ በሚችልበት ዕድሜ ላይ ነው። ምናልባት ደርሶት ካነበበው፦ እናትህ ምንም አላጠፋችም። ሰዓቷን ጠብቃ ነው ያዳነችህ። ይቅርታውን የምጠይቃት እኔ ነኝ።

ለሌሎች ወላጆችም እንዲደርስ ሼር አድርጉላቸው።