የሳል መዝገብ

በኅዳር 12 ማለዳ ጎረቤላ ላይ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ጉሙን ከጭሱ መለየት ይቸግረዋል። ጉሙ ከአልዩ አምባ በኩል ገደሉን እየታከከ ይወጣል፤ ጭሱ ደግሞ በየደጃፉ ከተከመረ ገለባና ጥራጊ እየተነሣ መንገድ ላይ ይቀበለዋል። ኅዳር ሲታጠን ነው። ለምን ታጥናላችሁ ተብለው ቢጠየቁ፣ ገሚሶቹ የዕለቱን ቅዱስ ሚካኤልን ይጠራሉ፤ ገሚሶቹ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው ይላሉ፤ ስለ ኢንፍሉዌንዛ ብሎ የሚመልስ ግን ከስንት አንድ ነው።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታው፣ የተቀረው ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለው በሽታ ነበር። እኛ የአገር ስም አልሰጠነውም፤ የወር ስም ሰጠነው። የኅዳር በሽታ አልነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል፤ ኋላም «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተሰኘው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ያለቀው ሰው ከ10 ሺህ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። እኔ የአንኮበር ሰው ነኝና ይህን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በከተማይቱ ስም ላይ ነው። ሰው ሲሞት የሚቆጠረው መንግሥት በተቀመጠበት ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረች ጊዜ፣ የእንግሊዙ ሀሪስ በ1841 (እ.ኤ.አ.) መልእክት ይዞ ወደ ሣህለ ሥላሴ በመጣ ጊዜ፣ ስንት በቅሎ እንደተጫነና ምን ገጸ በረከት እንደተሰጠ ሳይቀር ተጽፏል። በ1911 ግን ቤተ መንግሥቱ ከሄደ ቆይቷል፤ መዝጋቢውም አብሮ ሄዷል።

መምህር ነኝ። እኔም አንድ መዝገብ አለኝ፤ የስም መጥሪያው። በየማለዳው ስም እየጠራሁ ያልመጣውን «ቀ» እላለሁ፤ ቀሪ ማለቴ ነው። ባለፉት ዓመታት የሞሉትን መዝገቦች አንድ ምሽት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳገላብጥ፣ ከጥቅምት ማለቂያ ወዲህ «ቀ» የምትለው ፊደል ትበዛለች። ውርጩ በሚጠነክርበት በኅዳርና በታኅሣሥ ገጹን ታጠቁረዋለች። ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ የቀሩትም ቢሆኑ በሳል ምክንያት የምናገረውን አያሰሙኝም። እንዲያውም ለአፍታ ያህል የጉንፋንን ወቅት ያለ አንዳች መሣሪያ፣ በአንዲት ፊደል ብቻ፣ ያገኘሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ችግሩ ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያም ወራት መሆናቸው ነው። የገብስ ነዶ የሚሸከመው ልጅና ትኩሳት የጣለው ልጅ በእኔ መዝገብ ላይ አንድ ፊደል ናቸው። የገበያ ቀን አለ፤ ክርስትናና ሰርግ አለ። ፊደሊቱ ብትበዛም ሳሉ ከመኸሩ አይለይም፤ ሳሉንም ቢሆን ከየትኛው ቫይረስ እንደመጣ ማንም ጆሮ ሊለየው አይችልም። ኢንፍሉዌንዛም፣ ሕፃናትን አብዝቶ የሚያጠቃው አር ኤስ ቪም፣ ኮቪድም በሳል ቋንቋ አንድ ዓይነት ይናገራሉ።

ለዚህ ነው በወጉ የሚቆጥሩት ሰዎች ሥርዓት ያበጁት። ሕመምተኛው ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ሳል ያለው፣ ሕመሙ ከጀመረውም 10 ቀን ያላለፈው ሊሆን ይገባል። ከአፍንጫውና ከጉሮሮው በቀጭን ዘንግ ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው ሳይሞቅ ሳይበላሽ በበረዶ ሣጥን ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። በአገራችን ይህ ሥራ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ተጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች መካከል በአዲስ አበባ የሽሮ ሜዳ፣ የኮልፌና የአቃቂ ጤና ጣቢያዎች፣ የየካቲት 12 ሆስፒታልና የሐዋሳው አዳሬ ሆስፒታል ይገኛሉ። ናሙናው የሚመረመረው ሕዝቡ ዛሬም «ፓስተር» በሚለው፣ አሁን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በተባለው ግቢ ነው። ዓመት ሳይሞላው፣ በሰኔ 2001 ዓ.ም.፣ በዓለም ላይ የተነሣው አዲሱ ኢንፍሉዌንዛ እኛም ዘንድ መድረሱ ተረጋገጠ።

ከጤና ኬላ በየሳምንቱ የሚላክ ሪፖርትም አለ። ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ ተስቦ በሳምንት ይቆጠራሉ፤ ሳርስና የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ከታዩ ሳይውል ሳያድር ይነገራል። የየዓመቱ ተራ ጉንፋን ግን በዚያ ቅጽ ላይ አልተሠራለትም። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወዲህ ያለችው ጎረቤላ ስታስል የምትሰማው ራሷን ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት ገደማ ለሰሜኑ፣ በመስከረም ገደማ ለደቡቡ የዓለም ክፍል፣ የሚመጣው ክትባት በየትኞቹ ቫይረሶች ላይ እንዲዘጋጅ ይመክራሉ። በምድር ወገብ አቅራቢያ ጉንፋን ዓመቱን ሙሉ ይዞራል፤ ከሁለቱ ክትባቶች የትኛው፣ በየትኛውስ ወር እንደሚሻል ለእንዲህ ያለ አገር የሚነግረው የገዛ ራሱ ቆጠራ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ የአክስቴ የልጅ ልጅ ታመመ። የዘጠኝ ወር ሕፃን ነው። አክስቴ ከጎረቤላ ወጣ ባለ መንደር፣ ኩበት በሚጤስበት ቤት ትኖራለች። እንደደረስኩ የባሕር ዛፍ ቅጠል ድስት ውስጥ ይፈላል፤ ዳማከሴው ታሽቶ ተዘጋጅቷል። «ምች ነው፤ ፀሐይ መትቶት ነው» አለችኝ። (የእኛ ሐኪሞች «ኒሞኒያ» ለሚባለው በሽታ ስም ሲሹ ይህንኑ ምች ወስደው ከሳንባ ጋር ማጋባታቸው ይደንቀኛል። አክስቴና ሐኪሙ በአንድ ቃል እየተነጋገሩ፣ አንዷ ስለ ፀሐይ ሌላው ስለ ሳንባ ያወራሉ።)

«እስቲ ጤና ኬላ እንውሰደው» ስላት አልተቃወመችም፤ ድስቱን ግን ከእሳት አላወረደችም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕፃኑን በአክስቴ ጭን ላይ እንዳለ ልብሱን ገለጥ አደረገች። «እማማ፣ እስኪረጋ ጡጦውን ይስጡት፤ እያለቀሰ አልቆጥርም» አለች። ቆየን። ከዚያ የደቂቃ መቁጠሪያዋን ተጭና ዓይኗን ከትንሿ ደረት ላይ ሳትነቅል ዝም አለች። ደረቱ ሲነሣ፣ ሲወርድ፣ ሲነሣ። በሕይወቴ እንዲህ የረዘመች አንዲት ደቂቃ አላስታውስም። እኔም በልቤ አብሬ ልቆጥር ሞክሬ ሠላሳ ላይ ስደርስ ተምታታብኝ። መቁጠሪያው ሲያቃጭል «58» አለች። ከሁለት ወር እስከ አሥራ ሁለት ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ዓመት ለሞላው 40። ላቦራቶሪ የለ፣ ራጅ የለ፤ ዓይንና ደቂቃ ብቻ። በውኃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ሰጠችን፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም መጥባት እንቢ ካለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ እንድንሮጥ ለአክስቴ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ከዚያ 58ን በመዝገቧ ላይ ጻፈች።

ልጁ ዳነ። አክስቴ ምስጋናውን ለመድኃኒቱና ለዳማከሴው እኩል አካፍላዋለች፤ አልተከራከርኳትም።

ከዚያ ወዲህ መዝገቦቼን እንደገና ሳገላብጥ መጋቢት 2012 ላይ ደረስኩ። በወሩ 4ኛ ቀን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአዲስ አበባ ተገኘ፤ ከቀናት በኋላ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከዚያ ያለው ገጽ ባዶ ነው፤ «ቀ» እንኳ የለበትም። በዚያው ወር ግን በዓለም ላይ ሌላ ነገር ሆኗል። ያማጋታ የሚባለው የቢ ኢንፍሉዌንዛ ዘር ከመጋቢት 2012 ወዲህ በተረጋገጠ ምርመራ አልተገኘም፤ ሰው ቤቱ ሲዘጋና አፉን ሲሸፍን የሚሻገርበት አጥቶ የጠፋ ይመስላል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባለሙያዎቹ ከክትባቱ ውስጥ እንዲወጣ መከሩ። ለዘመናት ከሰው ጋር የኖረ በሽታ ድምፁን ሳያሰማ ሄደ፤ መሄዱም የታወቀው በየሳምንቱ ናሙና እየወሰዱ የሚቆጥሩ ስለነበሩ ነው።

ዘንድሮ በስም መጥሪያዬ ላይ አንዲት ፊደል ጨምሬያለሁ። በሥራ ለቀረው «ቀ»፣ በሳልና በትኩሳት ለቀረው «ሳ»። ማንም አልጠየቀኝም፤ የምልክበትም ቦታ የለኝም። ተማሪዎቹ ግን ቶሎ ገባቸው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ገና ስሙን ሳልጠራ ከኋላ ወንበር ተነሣ።

«ቲቸር፣ ትናንት ለቀረሁት «ሳ» ይጻፉልኝ፤ እስከ ማታ ሲያስለኝ ነበር» አለ። ጥቂት አሰበና ቀጠለ፤ «ለነገ ግን «ቀ» ያድርጉት፤ ባቄላ እንወቃለን።»