ዝም አይነቅዝም? የቻይናውያን አሜሪካውያን እናቶች ገመናና የልጆቻቸው መጻሕፍት

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ያልተናገሩት ነገር እንደ ጎተራ እህል ተባይ አያገኘውም፣ ቢቀመጥ አይበላሽም ማለት ነው። ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ብዙ ቻይናውያን ቤተሰቦች ለትውልዶች የኖሩት በዚህ ብልሃት ነው። ሴት ልጆቻቸው ብዕር አንስተው ጎተራውን ሲከፍቱት ግን እህሉ ነቅዞ አገኙት።

እ.ኤ.አ. በ1976 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ማክሲን ሆንግ ኪንግስተን «ተዋጊዋ ሴት» የተሰኘ መጽሐፏን አሳተመች። ደራሲዋ ካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን ከተማ ውስጥ ልብስ አጥበው ከሚያድሩ ወላጆች የተወለደች ናት። መጽሐፉ የሚከፈተው እናት ለልጇ አንድ የቤተሰብ ምስጢር ስትነግራትና ምስጢሩን እንድትቀብረው ስታዛት ነው።

ምስጢሩ ይህ ነው። አባቷ ቻይና ውስጥ እህት ነበረችው። ባሏ ለሥራ አሜሪካ ከሄደ ዓመታት ካለፉ በኋላ አረገዘች። መውለጃዋ በደረሰበት ሌሊት የመንደሩ ሰው ቤቱን ወረረ፤ እንስሳቱን አረደ፣ ዕቃውን ሰባበረ። እሷ አሳማ ማደሪያ ውስጥ ወለደች። ሲነጋ ከነልጇ በቤተሰቡ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ እንዳልተወለደች ቆጠራት። ስሟ አይነሳም፤ ወንድሟም እህት ነበረችኝ አይልም።

እናትየው ይህን የተናገረችው ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ነው፤ እንድትፈራ። ልጅቷ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ የአክስቷ ነገር ከነከናት። የሰማችው አጥንቱን ብቻ ነበርና ሥጋ ታለብሰው ጀመር። ምናልባት ተገዳ ይሆን? ምናልባት ወዳ? ምናልባት ሰውየው ከወራሪዎቹ አንዱ ነበር? አንዱንም «እርግጥ ነው» አትልም። የደረሰችበት ፍርድ ግን ጠንካራ ነው። ለአክስቷ ትልቁ ቅጣት የዚያ ሌሊት ወረራ ሳይሆን፣ ቤተሰቡ ሆን ብሎ የረሳት መሆኑ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አፏን ዘግታ ስለኖረች ተራኪዋ ራሷም በቅጣቱ እጇ አለበት።

ዝምታው ከየት መጣ?

ብዙ አንባቢ ይህን ሲያነብ «ባህላቸው ነው» ብሎ ያልፋል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ የጻፈው የአሜሪካ ሕግ ነው።

በ1875 የወጣው የፔጅ ሕግ «ሴተኛ አዳሪዎችን ለመከልከል» ተብሎ የወጣ ቢሆንም በተግባር ለአብዛኞቹ ቻይናውያን ሴቶች በሩን ዘጋ። በ1882 ደግሞ ቻይናውያን ሠራተኞች በጠቅላላ እንዳይገቡ ታገደ። በ1890 አሜሪካ ውስጥ ለአንዲት ቻይናዊት 27 ያህል ቻይናውያን ወንዶች ነበሩ። ባሏ ባሕር ማዶ የሆነ ሚስት ዕድሜዋን ሙሉ በመንደር መጠበቅ ዕጣዋ ሆነ። ባልየው ሊወስዳት ቢፈልግ እንኳ መንገዱ ጠባብ ነበር።

ሰው ግን መላ አያጣም። በ1898 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዎንግ ኪም አርክ ጉዳይ፣ በዚያች አገር የተወለደ ሁሉ ዜጋ እንደሆነ ወስኖ ነበር። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት የልደት መዝገቡን ሲያቃጥለው ብዙዎች «እዚሁ ነው የተወለድኩት» አሉ፤ ማስተባበያ ሰነድ አልነበረም። የዜጋ ልጅ ደግሞ መግባት ይችላል። ስለዚህ ቻይና ደርሶ የተመለሰ ሰው «ወንድ ልጅ ወልጄ መጣሁ» ብሎ ያስመዘግብና ቦታውን ለሌላ ይሸጣል። ገዢው «የወረቀት ልጅ» ሆኖ፣ ስሙን ጥሎ የሻጩን ስም ይዞ ይገባል።

የኢሚግሬሽን ሹማምንትም ይህን ያውቁ ነበር። ከ1910 እስከ 1940 በኤንጀል አይላንድ ጣቢያ መጤውን ለብቻው፣ «አባቱን» ለብቻው ይመረምሩ ነበር። የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው? የሩዝ ማስቀመጫው የት ነው? በሦስተኛው ቤት ማን ይኖራል? መልሱ ካልገጠመ መመለስ ሊመጣ ይችላል። መጤዎቹ መልሱን በመርከብ ላይ በቃላቸው ይይዙና ወረቀቱን ባሕር ውስጥ ይጥሉት ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ሁለት ስም አለ፤ የውጭና የውስጥ። ትምህርት ቤት ውስጥ ያመለጠች አንዲት ቃል አባትን ልታስባርር ትችላለች። እገዳው በ1943 ቢነሳም የተፈቀደው በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር። በ1956 መንግሥት «እውነቱን ተናገሩ፣ ወረቀታችሁ ይስተካከላል» የሚል የኑዛዜ ፕሮግራም ጀመረ። የአንዱ ኑዛዜ ግን በዚያው የውሸት ሐረግ የገቡትን ሁሉ አጋለጠ። እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ልጅ ዝምተኛ ብትሆን ምን ይገርማል?

የኪንግስተን መጽሐፍ ተራኪ በልጅነቷ ለሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ አትናገርም ነበር። የሳለችውን ሥዕል ሁሉ በጥቁር ቀለም ትሸፍነዋለች። መምህራኑ ተጨነቁ። ለእሷ ግን ጥቁሩ ሊከፈት የተቃረበ የቲያትር መጋረጃ ነበር። እነዚያው ዝምተኛ ልጆች ማታ ወደ ቻይንኛው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይጮኻሉ፣ ይጣላሉ። ዝምታው ከቦታው ጋር የተያያዘ ነበር።

ፌይ ሚየን ንግ በ1993 ባሳተመችው «ቦን» በተሰኘው ልብ ወለድ ደግሞ ሊዮን የተባለ አዛውንት የወረቀት ልጅ አለ። ወረቀት ሁሉ በሻንጣ ያስቀምጣል። የእንጀራ ልጁ ለጡረታው ማስረጃ ስትፈልግ ሻንጣውን ከፍታ የእንጀራ አባቷን ሕይወት ታገኛለች። በወረቀት የገባ ሰው ወረቀት መጣል አይችልም።

የሚሰማ ጆሮ ሲጠፋ

ኤሚ ታን በ1989 «ዘ ጆይ ላክ ክለብ»ን ስታሳትም የአራት እናቶችንና የአራት ሴት ልጆችን ታሪክ ጎን ለጎን አስቀመጠች። የራሷ እናት ቻይና ውስጥ ጨካኝ ባሏን ጥላ ስትወጣ ሦስት ሴት ልጆች ትታ መጥታ ነበር። ታን እህቶች እንዳሏት የሰማችው በጉርምስናዋ ነው።

ታን በ1990 በጻፈችው ድርሰት ሌላ ዓይነት ዝምታ ታሳያለች። እናቷ ሐኪም ቤት ሄዳ የአንጎሏ ምርመራ ውጤት ጠፋ ይሏታል፤ ይቅርታ የሚል ሰው የለም። ልጅቷ በተስተካከለ እንግሊዝኛ ስትደውል ግን ይቅርታውም ቀጠሮውም ይመጣል። እናትየው ዝም አላለችም ነበር። ስትናገር የቆጠራት ሰው ነው ያልነበረው።

ማን ይናገር?

ጎተራውን መክፈት ዋጋ አለው። በ1950 ጄድ ስኖው ዎንግ የራሷን ሕይወት በጻፈች ጊዜ «እኔ» ማለት በአባቶቿ ደንብ ነውር ስለሆነ ስለ ራሷ «እሷ» እያለች ጻፈች። ከኪንግስተን በኋላ ክርክሩ ጋለ። ጸሐፊው ፍራንክ ቺን መጽሐፏ የቻይናን ተረት አዛብቷል፣ ለነጭ አንባቢም የቻይና ወንዶችን አሳልፎ ሰጥቷል ሲል ከሰሳት። በእርግጥም በጀግናው ዩዌ ፌይ ጀርባ ላይ የተነቀሰውን ጽሑፍ ለሙላን ሰጥታዋለች።

ክሱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በሁለት ወገን በተናቀ ሕዝብ መካከል የቤት ገመና ማውጣት ለጠላት በትር ማቀበል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዝም ቢባል ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የአባቶች ክብር የሚጠበቀው በጉድጓዱ ውስጥ ባለችው ሴት ኪሳራ ከሆነ፣ ያ ክብር ውድ ነው። የኪንግስተን መልካም መንገድም እዚህ ላይ ነው። የማታውቀውን እንዳወቀች ሆና አልጻፈችም። «ምናልባት» የሚለው ቃል ለሟቿ የተሰጠ አክብሮት ነው። አክስቷ በመነገሯ ደስ ላይላት እንደሚችል እንኳ አልደበቀችም።

የታን እናት በ1999 አረፈች። ታን የእናቷንና የአያቷን እውነተኛ ስም ያወቀችው እናቷ በምድር በቆየችበት በመጨረሻው ቀን ነው። በ2001 ያሳተመችውን «ዘ ቦንሴተርስ ዶተር» የተሰኘ ልብ ወለዷንም ለእነዚያ ስሞች መታሰቢያ አደረገችው። የኪንግስተን አክስት ግን በዓለም ዙሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ብትነበብም ዛሬም ስም የላትም። ስሟን የሚያውቁት አልተናገሩም።