የጌተም ማር ናፍቆት

ዘንድሮስ የካፋው የጌተም ዛፍ አበባውን ሰጠ ይሆን? ማሩ ተቆርጦ ወረደ ይሆን?

እዚህ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ፣ በሐምሌ ሊንደኑ ያብባል፤ ንቡ ይተምበታል። አበባው አበባ ነው፣ ንቡም ንብ ነው፤ ሆዴን የሚያባባው ከዛፉ በላይ ያለው ባዶነት ነው። ከፓርኩ ተነስቶ ወደ ሃይጌት በሚሄደው ፓርክላንድ ዎክ፣ የድሮ የባቡር ሐዲድ በነበረው፣ ዛሬ ዛፍ በወረሰው መንገድ ስሄድ ዐይኔ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ቀፎ ይፈልጋል። የለም። ከሱቅ የምገዛው ማር ጠርቶ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ሰም የለው፣ ሰፈፍ የለው፣ የጭስ ሽታ የለው። ማን እንደቆረጠው፣ ከየትኛው ዛፍ እንደወረደ አይናገርም።

የካፋ ማር ይናገራል። ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ የሚወጣውን መንገድ የያዘ ሰው፣ አንገቱን ቀና ካደረገ፣ ከትልልቁ ዛፍ ጫፍ በቅርፊት የተጠቀለለ ድብልብል ቀፎ ያያል። በበጋ ግራዋው ያብባል። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው ነጭ ይለብሳል። ከዚያ ጌተሙ ይመጣል፣ ማሩም ነጭ። ዛፍ ወጪው ማሩን ሊቆርጥ ጨለማን ጠብቆ ይወጣል፤ ንቡ ሌሊት አይበርምና። ገመድ በወገቡ፣ የሚጨስ ችቦ በእጁ። ከታች የቀረው ዘመድ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ የሚሰማው የቅርንጫፍ ድምፅ ብቻ ነው። ያ ጥበቃ እንዴት ይናፍቃል!

ጫካውም ባለቤት አለው። ሥርዓቱን በካፋና በሸካ ኮቦ ይሉታል፤ ቀፎ የሚሰቀልበት ጫካ ከአባት ለልጅ ይወርዳል። ዛፉን የጣለ የልጁን ማር ጣለ። ደኑን ያቆየው ይህ ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2010፣ የሸካን በ2012 (እ.ኤ.አ.) በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ከመመዝገቡ ብዙ አስቀድሞ። ሆኖም ለሻይና ለቡና እርሻ የተመነጠረው ጫካ አለ። ቀፎ ተሸክሞ የኖረ ዛፍ ሲወድቅ ንቡ ወዴት ይሂድ? ወጪውስ?

በአውሮፓ ግን ስሎቬኒያውያን ንባቸውን አከበሩት። አገራቸው ከግማሽ በላይ ደን ነው፤ እንግዳቸውን በጫካ መንገድ ከቀፎ ቤት ወደ ቀፎ ቤት እየመሩ ማር ያስቀምሱታል፣ በቀፎ ፊት የተሳለውን ሥዕል ያሳዩታል። በእነርሱ ጥያቄ የተባበሩት መንግሥታት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሜይ 20ን፣ ግንቦት 12ን፣ የዓለም የንብ ቀን አደረገው፤ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ቪየና ላይ ንብ ማነብ ላስተማረው ለአንቶን ያንሻ መታሰቢያ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የንብ አናቢነት ባህላቸው በዩኔስኮ ተመዘገበ። ደስ አለኝ፤ ቆጨኝም። በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚዋ አገሬ ናት፤ ከቦንጋ እስከ ሸካዋ ማሻ እንግዳን ከቀፎ ወደ ቀፎ የሚመራ የማር መንገድ ቢኖራት ምን ነበረበት?

ጌተም ብዙ ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው በሌላ ዛፍ ትከሻ ላይ ነው፤ እዚያው በቅሎ ኋላ ሥሩን ወደ ምድር ይለቃል። እኔም በሰው አገር ትከሻ ላይ በቀልሁ። ሥሬ መውረጃውን ያውቃል፤ ምድሩ ራቀበት።

ወደ ቦንጋ የምትወጡ ወገኖቼ፣ ቡናውን ጠጥታችሁ ብቻ አትመለሱ። ከመኪና ውረዱ፣ ቀና በሉ፣ ዛፍ ላይ የሚወጣውን ሰው ፈልጉ። ማሩን ከእጁ ግዙ። የጫካው ዘበኛ እርሱ ነውና ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉት።