የሶደሬ ልጅ ሶዳ ጠማው

ስሙ ለእኛ አገር አይመችም። መናኸሪያ ፍተሻ ላይ «ዘንቢሉ ውስጥ ምን ይዘሃል?» ተብሎ የተጠየቀ መንገደኛ «ሁለት ቦምብ፣ አንዱ የጠጅ ሳር ነው» ቢል ወሬው አያምርም። ዕቃው ግን ከስሙ ይልቅ የዋህ ነው፤ ብርቱካን የሚያህል ድቡልቡል ዱቄት ሲሆን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲጣል ሽሽ እያለ አረፋ ይደፍቃል፣ መዓዛውን ይለቃል፣ ሟሙቶ ያልቃል። ባዝ ቦምብ ይሉታል። ቤት ውስጥ ለመሥራት ቤኪንግ ሶዳ፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ትንሽ የበቆሎ ስታርችና ጥቂት ጠብታ ኢሴንሻል ኦይል (ከዕፅዋት የሚወጣ የመዓዛ ዘይት) ይበቃል። እኔን የከነከነኝ ከዕቃው ይልቅ ከስሙ ፊት የማይጠፋው «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቅጽል ነው። የዘር ሐረጉ ቢቆጠር ባዝ ቦምብ የምንጭ ውሃ ቅጂ ሆኖ ይገኛል። ምንጩ ለራቀው ሰው የተፈለሰፈ ቅጂ ነው፤ አዳማ ተቀምጦ ይህን ለሚጠፈጥፍ ሰው ደግሞ ዋናው የሚገኘው በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ርቀት ላይ ነው።

የዘር ሐረጉን ወደ ኋላ እንቁጠረው። ባዝ ቦምብ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ፣ ጓሮ ባለች የዕቃ ማስቀመጫ ቤት ነው። ፈልሳፊዋ በኋላ ለሽ የተባለውን የመዋቢያ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዷ ሞ ኮንስታንቲን ሲሆኑ፣ ሐሳቡን ያገኙት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተጥሎ ከሚፈላው የሆድ መድኃኒት ከአልካ ሰልዘር ነው። አልካ ሰልዘር ደግሞ በአሜሪካ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ስሙ የተወረሰው ከጀርመኗ የሰልተርስ መንደር ነው፤ በተፈጥሮው ጋዝ ያለው የምንጭ ውሃዋ በሸክላ ጠርሙስ እየታሸገ ባሕር ይሻገር ነበር። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1772 ተራ ውሃን በጋዝ መሙላት የሚቻልበትን ዘዴ ሲያሳትምም ዓላማው ፒርሞንት የተባለውን ሌላ የጀርመን ምንጭ ቤት ውስጥ መቅዳት ነበር። እንግዲህ የቦምቡ አባት ክኒን፣ አያቱ ጠርሙስ፣ ቅድመ አያቱ ምንጭ ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈውም ያው አንድ ምኞት ነው፤ ምንጩ ድረስ መሄድ ያልቻለ ሰው ምንጩን ወደ ቤቱ ማስመጣት።

ምኞቱ እኛ ዘንድም እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ እኛ ራሳችን ወደ ምንጩ መሄዳችን ነው። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ብርድ ወርዳ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፊንፊኔን ፍል ውሃ ስለወደዱት ነው፤ በገላ መታጠቢያ ምክንያት ዋና ከተማ የመሠረተ አገር ብዙ አይመስለኝም። በአዳማ ዙሪያ የሶደሬ ፍል ውሃ አለ፣ ወንጂ በኩል ገርገዲ አለ፣ ቦኩ ላይ ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣውን እንፋሎት ለመታጠን ሰው ይሰለፋል። ወደ ደቡብ ሲወረድ በሻላ ዳርቻ ውሃው ያለ ማገዶ ይንተከተካል። በኦሮምኛ ማዕድናም ውሃ ሆራ ይባላል፤ ከላንጋኖ ወደ አቢጃታ የሚፈሰው ወንዝም ሆራ ቀሎ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ ማዕድን የጠገበበት ምክንያት ቦምብ ከሚጠፈጥፍ ሰው ሥራ ብዙም አይርቅም። ከምድር ጥልቀት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ሲገናኝ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ እሳተ ገሞራ የተፋውን ድንጋይ ቀስ በቀስ እየበላ ሶዲየሙን ያወጣዋል፤ የሚቀረውም በአብዛኛው ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም በፓኬት የምንገዛው ቤኪንግ ሶዳ ነው። አቢጃታና ሻላ መውጫ ስለሌላቸው ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ሶዳው እዚያው ይከማቻል። የአባይ ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ በሶዳ ሐይቅ አገር ሶዳ ከባሕር ማዶ በፓኬት ይጠበቃል። (የሶዳንና የሶደሬን የስም መመሳሰል ግን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም፤ ለርዕስ ስላማረኝ ብቻ ነው።)

«ሶደሬ መቼ አረፋ ይደፍቃል?» የሚል ተከራካሪ ይመጣል። እውነቱን ነው። ለሚፈላ ውሃ አምቦን መጥቀስ ይሻላል፤ ከክትፎ በኋላ የሚታዘዘው አምቦ ውሃ የአልካ ሰልዘር የሥጋ ዘመድ ነውና። አረፋው ግን ለገላ የሚሠራው ነገር ጥቂት ነው፤ ዘይቱን በውሃው ላይ በተነ፣ ዓይን አስደሰተ፣ አለቀ። ሌላው «ታዲያ ከአቢጃታ ሶዳ ለምን አንጠቀምም?» ይላል። እዚያ ዳርቻ ላይ ፋብሪካ ተተክሎ የሐይቁን ውሃ በገንዳ እያተነነ ሶዳ አሽ ሲያወጣ ኖሯል። ሶዳ አሽ ግን ካርቦኔት ነው፤ ለመስታወትና ለሳሙና ይሆናል እንጂ ቆዳ ያቆስላል፣ በቤኪንግ ሶዳ ቦታ አይገባም። ሐይቁም ቢሆን ፋብሪካው ከጠጣው በላይ፣ በቡልቡላ ወንዝ ይደርሰው የነበረው ውሃ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ለመስኖ እየዋለበት በእጅጉ ሸሽቷል።

ወደ ቅጽሉ ልመለስ። ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ አይጎዳም የሚለውን እምነት ለማፍረስ የወንጂን ያህል ምስክር የለም። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ካስጀመረ በኋላ ሠራተኞቹ ለዓመታት የጠጡት ከጉድጓድ የወጣ፣ ማንም ያልነካው ውሃ ነበር። ያ ሶዳማ ውሃ ካልሲየሙን አራግፎ ፍሎራይድ እንዲጠራቀምበት ያደርጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ የልጆቹን ጥርስ አበለዘ፣ የአዋቂዎቹን አከርካሪ አደረቀ። ጉዳቱ ከመጠጣቱ እንጂ ከመታጠቡ አይደለም። ለገላ ምስክር ከተፈለገ ጤና አዳም አለች። ቡና ላይ በጥቂቱ ስትጣል ብዙውን ሰው አትጎዳም፤ ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ውሎ ፀሐይ ሲያገኘው ግን እንደ እሳት ውሃ ቋጥሮ ያቃጥላል። የሎሚ ልጣጭም ያው ጠባይ አለው። በአዳማ ፀሐይ ሥር ይህን መርሳት ዋጋ ያስከፍላል።

በመዓዛው ጉዳይ ግን ለቤት ሠሪው እፈርድለታለሁ፤ እዚህ ከማንም የምንበደረው ነገር የለም። ባሕር ዛፍ፣ ጠጅ ሳር፣ አሪቲ፣ አደስ፣ ኮሰረት፣ እጣን በየገበያው አሉ፤ የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልም በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ይሠራል። ቅጠል ተፈልቶ፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛ ቱቦ ተጠራቅሞ ነው ዘይቱ የሚገኘው፤ ከ100 ኪሎ የባሕር ዛፍ ቅጠል አንድ ሁለት ኪሎ ከወጣ ጥሩ ነው፣ የብልቃጡ ዋጋ ከዚያ የመጣ ነው። እንዲህ የከረረ ዘይት በውሃ አይሟሟም፤ ተንሳፍፎ ቆይቶ ገላ ላይ እንዳለ ይለጠፋል፣ ያቃጥላልም። እናቶቻችን አደሱንና ኮሰረቱን በቅቤ ያነጠሩት ለዚህ መልስ ያላቸው ይመስል ነው፤ ቅባት መዓዛውን ያቀጥነዋል፣ ይይዘዋል። የእንግሊዝ ጓሮ አዘገጃጀት «ተሸካሚ ዘይት ጨምሩ» የሚለውም ያንኑ ነው። ለ300 ግራም ዱቄት አንድ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ በውስጡ ከ15 የማይበልጥ ጠብታ ይበቃል።

የአሠራሩንም ጥበብ የበሶ ጭብጦ የሚያውቅ እጅ አስቀድሞ ተምሮታል። ሁለት እጅ ሶዳ በአንድ እጅ ሲትሪክ አሲድ ይደባለቃል፣ ስታርች ይታከላል፣ ዘይቱ ይታሻል፣ ከዚያ ውሃ በመርጫ እፍ ይባልበታል እንጂ አይፈስበትም። ዱቄቱን ጨብጠው ሲለቁት የጣትዎ ምልክት ታትሞበት ከቆመ ደርሷል። በሶ ውሃ ቢበዛበት በጥብጠው ይጠጡታል፤ ይኸኛው ግን ውሃ ባገኘ ቁጥር አሲዱና ሶዳው ይያያዙና እጅ ላይ አብጦ ያልቃል። የሎሚ ጭማቂ በሲትሪክ አሲድ ፋንታ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ ከመቶው አምስት ስድስት እጅ አሲድ ቢኖረው ቀሪው ያው ውሃ ነው። ስዊድናዊው ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1784 አሲዱን ከሎሚ ነጥሎ አወጣ፤ ዛሬ የሚሸጠው ግን ጥቁር ሻጋታ ስኳር ወይም ሞላሰስ እየበላ የሚሠራው ነው። ሞላሰስ የወንጂ ተረፈ ምርት መሆኑን አስቡት፤ ሶዳው ወደ ባይካርቦኔት ተቀይሮ ከአቢጃታ፣ አሲዱ ከወንጂ፣ ሽታው ከወንዶ ገነት ሊሆን ይችል የነበረ ዕቃ በፓኬት ተገዝቶ ይገባል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፦ ባኞ ያለው ማን ነው? አንዱን ቦምብ ለማሟሟት መቶ ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ ይሞላል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቅንጦት ሳይሆን ነውር ነው። ስለዚህ ዕንቁላል የምታህል አድርጎ ጠፍጥፎ ለእግር መዘፍዘፊያ ሳፋ ማድረግ ይሻላል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ እግር ስለ አረፋው ታሪክ አይጠይቅም። ውሃውን የት ይድፉት የሚለው ግን ያሳስባል። መተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በግማሽ ምዕተ ዓመት ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 40 እና ከዚያ በላይ ተስፋፍቶ፣ ጨውና ሶዳ ያዘለ ውሃው የሸንኮራ ማሳውን አፈር ሲያበላሽ አይተናል። ሳፋው ውስጥ የቀረው የዚያው ውሃ ታናሽ ወንድም ነውና፣ በረንዳ ላይ ካለችው ጤና አዳም ሥር እንዳይደፉት።