ቀለሙ እስኪደርቅ

ዓርብ፣ ነሐሴ 30 ቀን 2017

የዓመት ፈቃዴን ከጳጉሜን ጋር ያገጣጠምኩት ለካሴቶቹ ብዬ ነው። እማዬ አልጋ ሥር ባለው የብስኩት ጣሳ ውስጥ የአክስቴ የድምፅ ደብዳቤዎች አሉ። አክስቴ በ1980ዎቹ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ፣ ጽሕፈቱ ስለማይሆንላት ወሬዋን ካሴት ላይ ቀድታ ወደ አገር በሚመጣ ሰው ትልክ ነበር። የዚያን ጊዜ ዐረብ አገር ዘመድ የነበረው ቤት እንዲህ ያለ ካሴት አያጣም። እርጥበት ሳይበላቸው ኮምፒውተር ላይ ልገለብጣቸው አስቤያለሁ።

ባለቤቴ ፈቃድ መውጣቴን ስትሰማ ምንም አላለችም፤ ግድግዳውን አየት አደረገችው። ማታ ላይ ለሳሎኑ ስንት ቆርቆሮ ቀለም እንደሚበቃ ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ቀለም ቀቢው መጥቶ ግድግዳውን በጥፍሩ ጫር አደረገና “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጭቃ ነው” አለኝ። የምኖርበትን ቤት የማላውቀው ይመስል። አዎ፣ እንጨትና ጭቃ ነው፤ ሲሚንቶ የተለሰነው በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲጠጣ ይከርምና ፀሐይ ሲወጣ ቀስ እያለ ይተፋዋል። ከላዩ ፕላስቲክ ቀለም ካረፈበት መተንፈሻ ያጣል፤ ያኔ ቀለሙን አሳብጦ ይልጠዋል። የድሮ ሰዎች ኖራ ይቀቡ የነበረው ያለ ነገር አይደለም፤ ኖራ ያስተነፍሳል።

ይህን ቀቢውም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ባለቤቴም ታውቃለች። ግን እንግዳ የሚመጣው መስከረም 1 ነው እንጂ ጥቅምት 1 አይደለም። በእኔ አስተያየት ለቀለም ከጳጉሜን የባሰ ጊዜ የለም፤ ከተማው ሁሉ መሰላል የሚያወጣው ደግሞ በጳጉሜን ነው። ቀቢው ራሱ እስከ በዓሉ ተይዟል። “ከመስቀል በኋላ ከሆነ እመጣለሁ” ብሎ ሄደ። ሐሳቤን ተናግሬ ስጨርስ ብርጭቆ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ካራ፣ በሬ ገበያ። የሰፈሩ ቅርጫ ጸሐፊ ያደረጉኝ “ፈቃድ ላይ አይደለህ እንዴ?” ብለው ነው። እኛ ሰፈር ፈቃድ የወጣ ሰው የሕዝብ ንብረት ነው። ስለ በሬው ዋጋ ባልጽፍ ይሻላል። ማታ ጥቂት ስቱኮ ሞላሁ።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ የግቢው ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ወጡ፤ እማዬም ባልዲዋን አሸንዳው ሥር ደቀነች። የዛሬ ዝናብ ጠበል ነው፣ ሊጡም ላይ ጠብ ታደርግበታለች። ሳሎን ጥጉ ላይ ደግሞ ጠበሉ ያለ ባልዲ ገባልን። ከምስማሩ ቀዳዳ ነው የሚያፈሰው፤ ቆርቆሮው ዝጓል።

ስቱኮው እስኪደርቅ አንዱን ካሴት ፈታሁት። ድምፁ ይመጣና ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው እየሳሳ ይሄዳል። አምስቱን ብሎኖች አውጥቼ ሳየው፣ ክሩን ከማንበቢያው ጋር የምታጣብቀው ጥፍር የማትሞላ ስፖንጅ ወልቃለች። ከአንድ የዘፈን ካሴት ሌላ ስፖንጅ ከነቀጭን መዳቧ ነቅዬ ተከልኩላት፤ የማጫወቻውን ጭንቅላትም በአልኮል ጠረግሁ። ጥቁሩ ጥጥ ላይ ሲወጣ ደስ አለኝ።

ካሴት ሲገለበጥ አቋራጭ የለውም። የ60 ደቂቃው 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ 30 በዚህ ፊት፣ 30 በዚያ ፊት። ቀለምም አንዱ እጅ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብበትም። ሁለቱ ሥራዎች በዚህ ተስማሙልኝ፤ ግድግዳው ሲደርቅ ካሴቱ ይዞራል። ለካሴቶቹ ብቻ ብዬ በሩን ዘግቼ ብቀመጥ የሚፈቅድልኝ አልነበረም፤ ቀለም እየጠበቅሁ ነው ስል ግን ማንም አይጠራኝም።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

የሕዳሴ ግድብ ምረቃ። ሳሎን ያለን አንድ ዲቫይደር ነው፤ አንዱ ጉድጓድ ደግሞ አይሠራም። “ያንን ቴፕህን ንቀልና ቴሌቪዥኑን ሰካልኝ” አለች እማዬ። ቦንድ ገዝታለች፤ መጋቢት 2003 መሠረቱ ሲጣል ጀምሮ ወሬው አምልጧት አያውቅም። 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል “ለእኛ ሰፈር ስንት ይደርሰናል?” ብላ ወደ መሰላሉ ቀና አለች። እኔ ሩሎ ይዤ ጣሪያ ሥር ነበርኩ። ቀለም እንዳይረጨው ቴሌቪዥኑን ላልብሰው ብል ማን ሰምቶኝ። ዙሪያውን ቀብቼ ተውኩት፤ ከጀርባው አሮጌው አረንጓዴ አለ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ዋዜማው በጾም ቀን ዋለ። ዶሮው ይበለታል፣ ቁሌቱ ይንተከተካል፣ የሚቀምስ ግን የለም፤ ጨው በእጅ ልምድ ነው። እኔ ሽንኩርት ክተፋ ላይ ተመደብኩ። ሁለተኛው እጅ ቀለም እየደረቀ ስለነበር ማጫወቻውን ወጥ ቤት አምጥቼ የ1984ቱን ካሴት ለቀቅሁት።

መጀመሪያ ሰላምታ፣ ሰላምታ፣ ሰላምታ። የሞቱትንም ጭምር በስማቸው እየጠራች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ “እታለም፣ የላክኋት ብር ለቆርቆሮው ናት። ሌላ ነገር ላይ እንዳታውያት፣ አደራ።”

ቢላዬን አስቀመጥሁ። ይህ ቤት ቆርቆሮው ተቀይሮ አያውቅም።

“እማዬ፣ ያ ብር ምን ሆነ?”

እሷ እንቁላል እየላጠች ነበር። “አጎትህ ሆስፒታል ተኛ። የተረፈው ለአንተ ጫማና ደብተር ሆነ።” አንዱን እንቁላል ለቅልቃ ሳህኑ ላይ አኖረችው። “ቆርቆሮውማ የት ይሄዳል?”

ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን 2018

ዘመነ ማርቆስ ገባ። ሌሊት ቅርጫ፤ ዕጣው ሲወጣ ጨጓራው አነሰኝ ያለ ጎረቤት ነበር፣ ሂሳቡን እኔ ጋ መዝግቦ ተረጋጋ። እንግዶቹ ቄጠማው ላይ ተራምደው ገቡ። ግድግዳውን ያየ አንድም ሰው የለም። “ቀለም ቀለም ሸተተኝ” ያሉ ግን ነበሩ፤ ባለቤቴ በዚህም ረክታለች።

ቅዳሜ፣ መስከረም 3

በሩ አጠገብ አንድ ቦታ ቀለሙ ማበጥ ጀምሯል።

የአክስቴን ካሴት በቴሌግራም ላክሁላት፤ አሁን የምትኖረው አዳማ ነው። የራሷን የወጣትነት ድምፅ ስትሰማ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ደወለችና “ያ የቆርቆሮ ብር የት ገባ?” አለችኝ።

እማዬ በእጇ ምልክት ታሳየኛለች፤ የለችም በላት።

“አክስቴ፣ አሁን እማዬ ትንሽ ወጣ ብላለች።”

“ድምጿን ሰማሁት እኮ! ለመስቀል እመጣለሁ፤ ጣሪያውን በዓይኔ ነው የማየው።”

ስልኩን ስዘጋ እማዬ የቆርቆሮ ዋጋ ነገውኑ እንዳጣራ አዘዘችኝ። የቀሩት ካሴቶች ጣሳቸው ውስጥ ናቸው።