ከቁጣ በፊት ምርመራ

ልጄ ለእኅቱ ሠርግ ሊጫወትበት የገዛው ዲጂታል ጊታር እንደ ድሮው ጊታር አይደለም። በአውታሮቹ ማረፊያ ያሉት 6 ረቂቅ መሣሪያዎች ንዝረቱን ተቀብለው በውስጡ ላለው ኮምፒዩተር ያደርሳሉ፤ እርሱም የሌላ ጊታር ድምፅ ያስመስላል፤ አውታሩ ሳይነካም ቅኝቱን ይለውጣል።

በሠርጉ ዋዜማ ልጄ 5ኛውን አውታር በ110 ኸርዝ ቃኝቶ ቢመታው፥ ከማጉያው የወጣው ድምፅ ዝቅ ያለ ሆነ። እኔም በወጣትነቴ ክራር የቃኘሁ ነኝና፥ «ጆሮህ ሰነፍ ነው» ብዬ በዘመድ ፊት ገሠጽሁት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሌሊት ማጉያውን አጥፍቼ አውታሩን ብመታው ትክክል ነበር። ለካስ የቅኝት መምረጫው ከመደበኛው ስፍራ ተዛውሮ 110ን ወደ 98 ያወርደው ኖሯል። መለስሁት፤ ድምፁም ተስተካከለ።

ሲነጋ ልጄን በዚያው ዘመድ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ወላጆች ሆይ፥ መምረጫውን ለመመለስ አንድ አፍታ በቃኝ፤ ልጄ ግን በሠርጉ ሲጫወት ቀና ብሎ አላየኝም።